ነጠላ ውሃ ያጠራል? ማስክ ይታጠባል? ፊልትሮስ ይነፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከክር ወይም ከጨርቅ ስለተሠሩ ማጣሪያዎች የሚጠይቁ ናቸው፤ የውሃም የአየርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጣሪያ የሚይዘው በቀዳዳው ጥበት ብቻ ይመስለውና ነው። ከሥራው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን የክሩ ገጽ ነው፦ ምን ተቀብቷል፣ ምን ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ (ፖዘቲቭ ወይስ ኔጋቲቭ) ይዟል፣ ያንን የሚያበላሸውስ ምንድን ነው? በየመልሱ ይህን ለይተን ለማሳየት ሞክረናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጣና ዳር ነው። የሐይቁን ውሃ በነጠላ አጥልለን እንጠቀማለን። ጨርቁን ደጋግማችሁ ካጠፋችሁት በሽታ አያልፍም የሚሉን አሉ። እውነት ነው?
*አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ*

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ወሬው መነሻ አለው። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ በተባለ አካባቢ በ65 መንደሮች የተካሄደና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ኮሌራን በ48 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ የሆነው ግን ጨርቁ ባክቴሪያውን ራሱን ስለያዘ አይደለም። የታጠፈው ሳሪ ቀዳዳ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ሲሆን የኮሌራ ባክቴሪያ ከ3 ማይክሮን አይበልጥም፤ ብቻውን ቢዋኝ ያልፋል። ነገር ግን በሐይቅና በኩሬ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያው ኮፔፖድ በሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ጨርቁ እነሱን ሲይዝ አብሮ ይያዛል። በጋምቤላ የጊኒ ዎርም በሽታን ለመከላከል ውሃ አጥልላችሁ ጠጡ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የትሉን እጭ ተሸክመው የሚዞሩት ከዚሁ ወገን የሆኑ እንስሳት ናቸው።

ነጠላ ግን ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አንመርጠውም። ብዙ ጊዜ የታጠበ አቡጀዲ ወይም ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይሻላል። አሮጌ ያልነው ለቁጠባ ብለን አይደለም፦ ጨርቅ በታጠበ ቁጥር ክሩ እየተበጠሰ ይጎፍራል፣ ጉፍራውም ቀዳዳውን ያጠበዋል። ቢያንስ አራት ድርብ አድርገው ያጥፉት። በጀሪካኑ ወይም በእንስራው አፍ ላይ ትንሽ ጎድጎድ አድርገው በገመድ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ውሃው በጎን ሾልኮ ከገባ ድካምዎ ከንቱ ነው። ከላይ የሚውለውን ገጽ በአንድ የክር ስፌት ምልክት ያድርጉበትና ሁልጊዜ ያው ገጽ ላይ ይሁን፤ ከተገለበጠ ትናንት የተያዘው ዛሬ ወደ መጠጥዎ ይታጠባል። ከተጠቀሙ በኋላ በተጣራ ውሃ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት።

ከዚህ በኋላም ውሃው አልዳነም። የታይፎይድና የተቅማጥ ባክቴሪያዎች እንዲሁም ቫይረሶች በጨርቁ ያልፋሉ። ማጥለሉ በተጨማሪ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚጨመረው ክሎሪን በጭቃና በቅጠል ላይ እንዳይባክን ነው። መጠኑን በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ይጨምሩና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ማፍላት ከመረጡ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ያድርጉት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ጥጥን በሽፈራው ዘር አክሞ የውሃ ማጣሪያ ለመሥራት አስቧል። አሠራሩን፣ መጠኑንና የምንጠነቀቅበትን ጻፉልን።
*የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአርባ ምንጭ*

መልስ፦ ለክበብ በጣም የሚመች ሥራ ነው፤ ውጤቱም በዓይን ይታያል። በእናንተ አካባቢና በኮንሶ የሚበቅለው ሽፈራው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። አብዛኛው ምርምር የተሠራው በሌላው ዝርያ፣ በሞሪንጋ ኦሌይፌራ ላይ ቢሆንም የሁለቱም ዘር ድፍርስ ውሃን እንደሚያጠራ ታይቷል።

መጀመሪያ ምክንያቱን ለተማሪዎቹ አስረዱ። ጥጥ ውሃ ውስጥ ሲገባ ገጹ በጥቂቱ ኔጋቲቭ ይሆናል። አብዛኛው ባክቴሪያና የሸክላ ብናኝም ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ ይገፋፋሉ፣ ባክቴሪያውም በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። የሽፈራው ዘር በውሃ የሚሟሟ ፖዘቲቭ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑ በጥጡ ላይ ሲለጠፍ የክሩ ገጽ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጣል፤ ከቀዳዳው እጅግ ያነሰው ባክቴሪያም ክሩን ሲነካ ተጣብቆ ይቀራል። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንኑ በአሸዋ ላይ ሠርተውታል። ስቶክሆልም በሚገኘው የንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ የእንጨት ክርን ፖዘቲቭ በሆነ ፖሊመር በመቀባት ባክቴሪያ የሚይዝ ማጣሪያ ተሠርቷል።

ወደ ሥራው እንግባ። የደረቀ ዘር ፈልፍሉ፤ የሻገተውንና የጠቆረውን ጣሉ። ነጩን ፍሬ በሙቀጫ ውቀጡ። ፍሬው ብዙ ዘይት ስላለው በቀጥታ ከተጠቀማችሁበት ዘይቱ ጥጡን ይለብሰውና ውሃ አልቀበልም ይላል፤ በቀናት ውስጥም ይሸታል። ስለዚህ ዘይቱን ጨምቃችሁ አውጡ፤ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎውን አድርቃችሁ እንደገና ውቀጡና ንፉት። 10 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አማስሉ፣ አስክናችሁ በአራት ድርብ አቡጀዲ አጥልሉት። የተገኘው ነጣ ያለ ውሃ ለዚያው ቀን ብቻ ነው፤ ካደረ ይበላሻል።

ጥጡን በተመለከተ ከፋርማሲ የሚገዛው የሕክምና ጥጥ ይሻላችኋል። ከማሳ የመጣ ጥጥ በተፈጥሮው ሰም ስላለው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በአጣቢ ሶዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅላችሁ ደጋግማችሁ ካላጠባችሁት አይሆንም። 20 ግራም ጥጥ በ1 ሊትሩ ውስጥ እየገለባበጣችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉ። ከዚያ ጨምቁትና ማጠቢያው ውሃ ጠርቶ አረፋ መስጠት እስኪያቆም ድረስ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ይህ ደረጃ በፍጹም አይታለፍም። ዘሩን ፈጭቶ በቀጥታ ውሃ ውስጥ የመጨመር ትልቁ ጉድለት ውሃው ውስጥ የሚቀረው ስኳርና ሌላ ንጥረ ነገር ለባክቴሪያ ምግብ መሆኑ ነው፤ ውሃው ዛሬ ጠርቶ ነገ ይሸታል። የተለጠፈው ፕሮቲን በማጠብ አይለቅም፣ ምግቡ ግን ይሄዳል።

መሸፈኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ኬክ ላይ የሚውል ቀይ የምግብ ቀለም ፈልጉ። በአብዛኛው ኔጋቲቭ ነው። ፈዛዛ ሮዝ ብቻ እስኪሆን በውሃ አቅጥኑትና ከታከመውና ካልታከመው ጥጥ ጥቂት ቆንጥራችሁ ለ5 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ ሁለቱንም በውሃ አለቅልቁ። ያልታከመው ወደ ነጭነቱ ይመለሳል፤ የታከመው ሮዝ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ጎን ሮዝ፣ ሌላው ጎን ነጭ ከሆነ ጥጡ ሲዘፈዘፍ ተጨፍልቆ ነበር ማለት ነው። የተሞከረውን ቁንጣሪ ጣሉት፣ ቦታው በቀለም ተይዟል።

ጥጡን ለመጠቅጠቅ፣ ቂጡ የተቆረጠ የ2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጡ፣ አፉ ላይ ጠጠር፣ በላዩ ጥጡን በስስ በስሱ እያነባበራችሁ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አድርሱት። ብዙ ክበቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥጡ በጎን ከጠርሙሱ ግድግዳ ከለቀቀ ውሃው የሚቀለውን መንገድ መርጦ በዚያው ይወርዳል። ዳር ዳሩን በጣት ጠቅጥቁ። 1 ሊትር ውሃ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ካለፈ ፈጥኗል፤ ባክቴሪያው ክሩን ለመንካት ጊዜ አላገኘም።

ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። ሳሙና ዋነኛው ነው፦ የዱቄት ሳሙና ሞለኪውሎች ኔጋቲቭ ስለሆኑ ፕሮቲኑን ቀድመው ይይዙታል፣ ስለዚህ ዕቃውም ጥጡም የሳሙና ርዝራዥ እንዳይኖረው። ከበሰበሰ ቅጠል ቡናማ የሆነ ውሃም እንዲሁ ቦታውን ቶሎ ይሞላል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ መሳሳቡን ያዳክማል። ጨው ፕሮቲኑን ከገጹ ላይ የማላቀቅ ኃይል አለው፤ የአሸዋው ማጣሪያ ሲሞላ የሚታደሰውም በጨው ውሃ ታጥቦ እንደገና በመቀባት ነው። ድፍርስ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ አስክኑ፣ አለዚያ ጭቃው በአንድ ቀን ይደፍነዋል።

ውጤቱን ለመለካት ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ መመርመሪያ ብልቃጥ ሞክሩ፤ የሰገራ ብክለት ካለ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጠቁራል። ያልጠቆረውንም ቢሆን ክሎሪን ሳይጨመርበት ማንም ተማሪ እንዳይጠጣ። ያገለገለውን ጥጥ በጓንት አውጥታችሁ አቃጥሉት፤ ያገኘውን ሁሉ ይዟልና።

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ አለበት ተብለናል። በጨርቅ ውስጥ ከሰል አድርገን እያጣራን ነው። ልጆቼን ያድንልኛል?
*የሦስት ልጆች አባት፣ ከባቱ*

መልስ፦ አያድንም፤ ዛሬውኑ ሌላ መንገድ ይፈልጉ። ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ የሟሟ ነው፣ የትኛውም ጨርቅ አይይዘውም። የእንጨት ከሰል ሽታና ጣዕም ይቀንሳል እንጂ ፍሎራይድን ያሳልፋል። ማፍላት ደግሞ ያብሳል፦ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይቀርና ይጠናል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። የልጆች ቋሚ ጥርስ በድድ ውስጥ የሚሠራው በግምት እስከ 8 ዓመታቸው ስለሆነ ጥርሱ የሚበልዘው በዚያ ጊዜ ነው፤ ከዓመታት በኋላ አጥንትም ይጎዳል።

ፍሎራይድን የሚይዙት ገጻቸው ለእሱ የሚስማማ ነገሮች ናቸው። አንዱ የአጥንት ከሰል ነው፤ የከብት አጥንት አየር በተገደበበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ተቃጥሎ ይሠራል። ሙቀቱ ካነሰ ስብ ይቀርበትና ውሃው ይሸታል፤ ከበዛ አጥንቱ ነጭ ይሆንና የመያዝ አቅሙ ይወድቃል። ይህን በግምት ጓሮ ውስጥ እንዲያደርጉት አንመክርም። ሌላው በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተቀባ ክር ወይም ጠጠር ነው። እሱ በደንብ የሚሠራው ውሃው አሲዳማነት ሲኖረው ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ባይካርቦኔቱ የበዛ አልካላይን ስለሆነ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ዕድሜ ቀድሞ ይደክማል። ማጣሪያ ቢገዙም በየጊዜው ፍሎራይዱን ማስለካት አለብዎት፤ ሲሞላ ውሃው አይደፈርስም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። እስከዚያ ድረስ በጣሪያ የተሰበሰበ የዝናብ ውሃ ካለዎት ለመጠጥና ለምግብ ለልጆቹ ያስቀድሙላቸው፤ የጉድጓዱ ለልብስና ለገላ ይዋል።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ዳር ነው የምሠራው። ኤን-95 ማስክ ውድ ስለሆነ ማታ ማታ በሳሙና አጥቤ፣ አንዳንዴም አልኮል ነፍቼ እጠቀምበታለሁ። ችግር አለው?
*መንገድ ዳር የምትሠራ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ አዎ እህታችን፣ ትልቅ ችግር አለው። ማስኩ ሲታይ ደህና ነው፣ የሚሠራው ነገር ግን ታጥቦ ሄዷል። የማስኩ መካከለኛ ንብርብር የጥቂት ማይክሮን ውፍረት ካላቸው የፖሊፕሮፕሊን ክሮች የተሠራ ነው። በፋብሪካ ክሮቹ በከፍተኛ ቮልቴጅ ቋሚ ቻርጅ ይሰጣቸዋል። ፒተር ጻይ የተባሉት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኋላ ለኤን-95 ያገለገለውን የቻርጅ አሰጣጥ ዘዴ በ1995 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት አውጥተውበታል። ትልልቁ ብናኝ በፍጥነቱ ከክሩ ጋር ይጋጫል፤ እጅግ ደቃቁ እየተንቀጠቀጠ ስለሚሄድ ራሱ ክሩን ያገኘዋል። የሚያመልጠው መካከለኛው ነው፣ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያለው። የናፍጣ ጭስ ብናኝ ብዙው እዚህ አካባቢና ከዚህ በታች ነው። ክሮቹ ሳይቀራረቡ፣ ትንፋሽ ሳያጥር 95 በመቶውን ለመያዝ የሚያስችለው ቻርጁ ነው።

ሳሙናና አልኮል ቻርጁን ያጠፉታል። ስለዚህ አይጠቡት፣ አይንፉበት። አምስት ማስክ ይያዙና ቁጥር ይጻፉባቸው። የዛሬውን በወረቀት ከረጢት (በፌስታል አይሁን፣ ላብ ያፍናል) አድርገው ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ያቆዩትና ተራው ሲደርስ ያውጡት። ላስቲኩ ከላላ፣ ከተቀደደ ወይም መተንፈስ ካከበደ ይጣል። አፍንጫው ላይ ያለውን ሽቦ በሁለት ጣት ይጫኑት፤ ሲተነፍሱ አየር ወደ ዓይንዎ ከወጣ ብናኙም በዚያው ይገባል። ማስኩ የመኪና ጋዝን አይይዝም፤ ቢቻል ከሚቆሙበት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ መራቅ የራሱ ጥቅም አለው።

ጥያቄ፦ በ2023 የካናዳ የደን ቃጠሎ ጭስ እዚህ ድረስ ሲመጣ ጎረቤታችን ከቬንቲሌተርና ከአራት ፊልተር የአየር ማጽጃ ሠራ። እኛም ልንሠራ ነው። ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስስ ይሠራል?
*ቤተሰብ፣ ከሜሪላንድ*

መልስ፦ ጎረቤታችሁ የሠሩት ኮርሲ-ሮዘንታል የሚባለውን ሣጥን ነው፤ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የተዋወቀ ነው። 20 በ20 ኢንች የሆኑ፣ ውፍረታቸው 2 ኢንች የሆነ አራት መርቭ 13 (መርቭ የፊልተር የመያዝ አቅም ደረጃ ነው) ፊልተሮች በካሬ ይቆማሉ፣ ከታች ካርቶን፣ ከላይ ባለ 20 ኢንች ሣጥን ቬንቲሌተር ወደ ላይ እንዲነፋ ሆኖ ይቀመጣል። በፊልተሮቹ ጠርዝ ላይ ያለው ቀስት ወደ ውስጥ ማመልከት አለበት። መጋጠሚያውን ሁሉ በሰፊ ፕላስተር ዝጉ። በቬንቲሌተሩ ፊት ላይ 15 ኢንች ያህል ክብ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ለጥፉ፤ ማዕዘኖቹ ካልተሸፈኑ አየር በዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቬንቲሌተሩ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ይሁን፣ አሮጌዎቹ የሙቀት መከላከያ ፊውዝ ላይኖራቸው ይችላል።

የዕጣንና የቡና ቁላት ጭስ ብናኝን በደንብ ይይዛል። ግን ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጭሱ ቅባትነት ስላለው እንደ ማስኩ ሁሉ ቻርጅ ባለው የፊልተሩ ክር ላይ ያርፍና ቻርጁን ይሸፍነዋል። ይህ የቆየ ችግር ነው፦ በ1930 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ሃንሰን ሱፍን በሙጫ ዱቄት አክሞ የመጀመሪያውን ቻርጅ ያለው የመተንፈሻ ማጣሪያ ሲሠራም ያሸነፈው የዘይት ጉም ነበር። በየሳምንቱ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ፊልተሩ ገና ሳይደፈን ስለሚደክም በየሦስት ወሩ ገደማ ቀይሩት። ሽታውን ለመቀነስ የከሰል ንብርብር ያለው ፊልተር ያስፈልጋል፤ ክሩ ላይ የሚረጨው አክቲቭ ካርቦን የሚባል ከሰል 1 ግራሙ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንንገራችሁ። ከከሰል ማንደጃ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህ ሣጥን አይነካውም፤ ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር) ያለውም ሆነ አክቲቭ ካርቦን ያለው ማጽጃ እንዲሁ። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ፣ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ጎሚስታ ቤት የአየር ፊልትሮ በኮምፕሬሰር አስነፋለሁ። ሞተር ይጎዳል?
*የሚኒባስ ሾፌር፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጎማ መንፊያው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ6 ባር በላይ ነው፤ ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ደረጃ ይበጥሰዋል። ከዚያ ደቃቁ አቧራ ወደ ሲሊንደር ይገባና ፋሻውን ይበላል። ግድ ከሆነ ግፊቱን ከ2 ባር በታች አድርገው፣ አፉን አርቀው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይንፉት። ከዚያ ውስጡ አምፖል አስገብተው ጨለማ ውስጥ ይዩት፤ የብርሃን ነጥብ ከታየ ይጣል። መጠነኛ አቧራ ያለበት ወረቀት ከአዲሱ የተሻለ እንደሚያጣራ ይወቁ፣ የተያዘው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ ማስነፋት ትርፉ ኪሳራ ነው።

የወረቀቱ ፊልትሮ አይታጠብም። የሚታጠበው በዘይት የሚቀባው የጥጥ ዓይነት ነው። እሱ አቧራ የሚይዘው በዘይቱ ተለጣፊነት ስለሆነ ሳይቀባ ከተገጠመ አቧራ ያሳልፋል። ዘይቱ ከበዛ ደግሞ ወደ አየር መለኪያው ሴንሰር ይሄድና ሞተሩ ያንገራግራል፣ የቼክ መብራቱም ይበራል። ከቀቡት በኋላ 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ የዘይቱ ቀለም ያልደረሰበት ነጭ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ብቻ ይጨምሩ፣ የሚንጠባጠብ ካለ ደግሞ በጨርቅ ያስመጥጡት።